ከኡሁራ ወንበር ከተነሳች በኋላ

በስታር ትሬክ ፊልም ኡሁራን ሆና ስለተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይ፣ ስለ ኒሼል ኒኮልስ ሲወራ ሁለት ታሪኮች አይቀሩም። አንዱ መሳሳሙ ነው። ሌላው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሰጧት ምክር ነው። በ2022 ስታርፍ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ማለት ይቻላል በእነዚህ ሁለቱ ዙሪያ ነበር የሚሽከረከሩት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ታሪኮቹ ደስ ይላሉ። ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ግን በሁለቱም ውስጥ ወሳኙን ነገር የሚያደርገው ወንድ ነው። በአንዱ ካፒቴኑ ይስማታል። በሌላው ታላቁ ሰው አትሂጂ ይሏታል፣ እሷም ትቀራለች። ራሷ አስባ፣ ራሷ ጀምራ፣ ከተማ ለከተማ ዞራ የሠራችው ሥራ ደግሞ መጨረሻ አካባቢ በሁለት መስመር ይጠቀስና ያልፋል። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። ዛሬ እኔ በተራዬ መሳሳሙን በሁለት መስመር ላሳልፈው ነው።

ስታር ትሬክን ያላየ ሰው ብዙ ስለሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘመኑ ከእኛ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ኢንተርፕራይዝ የምትባል የጠፈር መርከብ ከኮከብ ኮከብ ትዞራለች። ካፒቴን አላት፣ ሐኪም አላት፣ ጆሮው የሾለ፣ ሳቅም ለቅሶም የማያውቅ ሳይንቲስት አላት። (አክስቴ እስከዛሬ ፊልሙን የምታውቀው «ያ ጆሮው የሾለው ሰውዬ ያለበት» ብላ ነው።) ከካፒቴኑ ወንበር ኋላ ደግሞ ቀይ አጭር ቀሚስ የለበሰች፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች ጥቁር ሴት ትቀመጣለች። ሌተና ኡሁራ ናት። ስሙ ነፃነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው። የመርከቧ መገናኛ ኃላፊ ስለሆነች ከሌላ መርከብ፣ ከሌላ ዓለም የሚመጣ መልእክት ሁሉ በእሷ ጆሮ በኩል ያልፋል። ተከታታይ ፊልሙ በኤንቢሲ ጣቢያ ከ1966 እስከ 1969 ታየ። 79 ክፍል ነው።

እኔ ያወቅኳት በድጋሚ ስርጭት ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ፣ እንደ ብዙው ሐበሻ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራ ነበር። የሌሊት ፈረቃ። ገንዘብ የምንቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንቴናዋ በሽቦ የተጠጋገነ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። እኩለ ሌሊት ካለፈ የሚታየው የድሮ ፊልም ብቻ ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ከሚያወሩት ግማሹ ያመልጠኛል። ኡሁራ የምትለው ግን ይገባኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ ጥርት አድርጋ ነው የምትናገረው። በዚያ ላይ ብዙ አትናገርም። ለምን ብዙ እንደማትናገር ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ኒሼል የተወለደችው ዲሴምበር 28 ቀን 1932፣ ሮቢንስ በምትባል ከቺካጎ በስተደቡብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሮቢንስ ጥቁሮች ራሳቸው የሚያስተዳድሯት ከተማ ናት። በሕግ ከተማ የሆነችው በ1917 ነው። የኒሼል አባት ሳሙኤል ኒኮልስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በ1929 የከተማዋ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ጥቁር ሰው ሥልጣን ላይ ማየት ለእሷ ቤት ውስጥ ያደገችበት ነገር ነው። የኡሁራን ቀጥ ያለ አቀማመጥ ሳይ ሁሌም ይሄ ትዝ ይለኛል።

ሮቢንስ ለእኛም ባዳ አይደለችም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር አብራሪዎች በቺካጎ አካባቢ እንደልባቸው የሚያርፉበት ሜዳ አልነበራቸውም። ኮርኔሊየስ ኮፊ እና ጆን ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት አብራሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ሮቢንስ ላይ የራሳቸውን ማኮብኮቢያ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1933፣ አውሎ ነፋስ መጥቶ አወደመባቸው። ይሄ ጆን ሮቢንሰን ማን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ1935 ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ጣልያን ሲወረን የንጉሠ ነገሥቱን አነስተኛ አየር ኃይል የመራው፣ «ቡናማው ኮንዶር» የሚባለው ኮሎኔል ሮቢንሰን ነው። ከድል በኋላም ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

ማኮብኮቢያው ሲፈርስ የከንቲባው ልጅ ገና ሕፃን ነበረች። አድጋ የሠራችውን ስታነቡ ይቺን ሜዳ አትርሷት።

ሲወለዱ ያወጡላት ስም ግሬስ ነበር። አልወደደችውም፣ ወላጆቿም ኒሼል አሏት። ቤተሰቡ ቺካጎ ገባ። ባሌ ተማረች። ገና በአፍላ ዕድሜዋ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር ሠራች፣ ከላዮኔል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነች። በ18 ዓመቷ አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ትዳሩ ግን ብዙ አልዘለቀም። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ልጅ እያሳደጉ በየክለቡ መዝፈን ነው። እንግዲህ ኡሁራ ከመሆኗ በፊት ዘፋኝና ዳንሰኛ ነበረች። ትወናው የመጣው በኋላ ነው።

የቴሌቪዥን በር የከፈተላት ጂን ሮደንቤሪ ነው፣ ከስታር ትሬክ በፊት ይሠራው በነበረ የወታደሮች ተከታታይ ፊልም። እሷ የተጫወተችበት ክፍል ስለ ዘር መድልዎ ነበር። ተቀርጾ አለቀ። ጣቢያው ግን ሳያሳየው ቀረ። የመጀመሪያ ሥራዋን ተመልካች አላየውም ማለት ነው። ሮደንቤሪ ስታር ትሬክን ሲጀምር ጠራት።

በ1966 ጥቁር ሴት አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ከታየች አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው ሽርጥ ታጥቃ ነው። ውፒ ጎልድበርግ ልጅ እያለች ኡሁራን ስታይ ቤተሰቡን እየተጣራች፣ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁር ሴት አለች፣ የቤት ሠራተኛ ግን አይደለችም ብላ እንደጮኸች ብዙ ጊዜ ተናግራለች። አድጋ ራሷ የስታር ትሬክ ተዋናይ የሆነችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከካሜራው ጀርባ ያለው ግን ሌላ ነው። ኒሼል በትዝታ መጽሐፏ እንደጻፈችው ስቱዲዮው እንደ ሌሎቹ ቋሚ ውል አልሰጣትም። የሚከፈላት በቀን ሥራ ሂሳብ ነበር። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የነበራት ንግግር እየተሸረሸረ መጥቶ፣ ቀረጻው ቀን «መስመሩ ክፍት ነው ካፒቴን» ብቻ ይቀራል። ከተመልካች የሚጻፍላት ደብዳቤ በብዛት ይመጣ እንደነበር፣ ለእሷ ግን እንደማይደርሳት የነገራት ሌላ ሰው ነው። ይሄን ሳነብ ከንግግሩ መቆረጥ ይልቅ ያበሳጨኝ ደብዳቤው ነው። ንግግሩን የጸሐፊ ጥፋት ልትሉት ትችላላችሁ። ደብዳቤ መደበቅ ግን ሆን ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ላይ ከታዩት ክፍሎች አንዱ ቻርሊ ኤክስ ይባላል። ኡሁራ የመርከቧ ሠራተኞች መዝናኛ ክፍል ውስጥ ትዘፍናለች። ጆሮ ሾላው በገና መሳይ ነገር ይመታላታል። በእሱ እየቀለደች ግጥም ትፈጥራለች፣ ሁሉም ይስቃል። ቀጥላ ቻርሊ በሚባለው እንግዳ ጎረምሳ ላይ ትቀልዳለች። ልጁ የማይታይ ኃይል አለው። ይናደድና ድምጿን ይዘጋዋል። አፏን ትከፍታለች፣ ምንም አይወጣም። ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ስለ ኒሼል አስበው ነው አልልም። ሥራውን ከውስጥ ካወቃችሁ በኋላ ግን ያቺን ትዕይንት እንደ ድሮው ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ኪንግ ታሪክ። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ በቃኝ አለች። ሕልሟ ብሮድዌይ መድረክ ላይ መዝፈን ነበር። ለሮደንቤሪ ነገረችው። እስቲ ቅዳሜና እሑድን አስቢበት አላት። በዚያው ሰሞን ኤንኤኤሲፒ ለሚባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ገቢ ማሰባሰቢያ ግብዣ ሄደች። አንድ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል አሏት። ዞር ስትል ዶክተር ኪንግ ቆመዋል። እሳቸውና ባለቤታቸው ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱት ፊልም ይሄ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። ልለቅ ነው ስትላቸው ደነገጡ። አይሆንም፣ የተሰጠሽ ቦታ የጥቁር ቦታ አይደለም፣ የሴትም ቦታ አይደለም፣ ማንም ሊይዘው የሚችል የሥራ ቦታ ነው፣ ዓለም እኛን እንደሚገባ ያየን ገና አሁን ነው በሚል መንፈስ መከሯት። ሰኞ ተመልሳ ሮደንቤሪን እቆያለሁ አለችው። ይሄን ታሪክ ዕድሜ ልኳን ስትናገረው ኖራለች።

ምክሩ ትክክል ነበር። ዋጋውን የከፈለችው ግን እሷ ናት። ብሮድዌይን ትታ ሁለት ዓመት ሙሉ «መስመሩ ክፍት ነው» ስትል የኖረችው እሷ ናት። ታሪኩ ሲተረክ እሳቸው የተናገሩት በዝርዝር ይነገራል፣ እሷ የተወችው ነገር ግን በአንድ ቃል ይታለፋል።

መሳሳሙ እንግዲህ። ኖቬምበር 1968፣ ካፒቴን ከርክና ኡሁራ፣ የሌላ ዓለም ሰዎች በኃይል አስገድደዋቸው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን የመጀመሪያው የነጭና የጥቁር መሳሳም ነው ይባላል፣ ከእሱ በፊት የነበሩ ሌሎችን የሚጠቅሱም አሉ። ይኸው፣ አለቀ።

በ1969 ፊልሙ ተዘጋ። ተመልካቹ አነስተኛ ነው ተባለ። እዚህ ጋ ስለ ገንዘብ ላውራ፣ ምክንያቱም የቀረው ሕይወቷ ያለ እሱ አይገባም። ስታር ትሬክ በእውነት ታዋቂ የሆነው ከተዘጋ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ የየከተማው ጣቢያዎች እየገዙ በየቀኑ ይደጋግሙት ጀመር። ሰው ክፍሎቹን በቃሉ ያዘ። ተዋናዮቹ ግን ከዚያ ሁሉ ድግግሞሽ የሚያገኙት ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን በነበረው ውል መሠረት ለድጋሚ ስርጭት የሚከፈለው ለተወሰነ ዙር ብቻ ነው። ዙሩ ካለቀ ጣቢያው ለሃምሳ ዓመት ቢያሳየውም ለተዋናይ አምስት ሳንቲም አይደርስም። ውሉ የተሻሻለው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ለኋላዎቹ እንጂ ለእነሱ አልጠቀመም። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማያትን ሴት፣ ፊቷ በየሌሊቱ ይሠራል፣ እሷ ግን አይከፈላትም ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ሥራ አለመገኘቱ አለ። ሰው ሁሉ እንደ ኡሁራ ስላወቃት ሌላ ገጸ ባሕርይ የሚሰጣት ጠፋ። በ1974 አንድ የወንጀል ፊልም ውስጥ አፏ የማያርፍ፣ ተሳዳቢ የሴተኛ አዳሪዎች አለቃ ሆና ተጫውታለች። ከኡሁራ ጋር አስተያይታችሁ ብታዩት ያስቃል፣ ችሎታዋንም ያሳያል። በኋላ ዘመን ሂሮስ በሚባለው ተከታታይ ፊልም ውስጥ አያት ሆና መጥታለች። የስታር ትሬክ የሲኒማ ፊልሞችም ነበሩ፣ ከ1979 እስከ 1991 ስድስት። በስድስቱም የነበራት ቦታ ያው ነው፣ ወንበሩና ማዳመጫው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ።

በ1975 ቺካጎ ላይ የስታር ትሬክ አድናቂዎች ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ጄስኮ ፎን ፑትካመር የሚባል የናሳ ሳይንቲስት ነበር። ሰውየው ወደፊት ሰው በጠፈር ላይ ስለሚሠራው ሲያስረዳ ኒሼል ከአዳራሹ ቁጭ ብላ ሰማች። የሚያወራው እሷ ስትተውነው ስለኖረችው ነገር ነው። ግን ናሳ እስከዚያች ቀን ድረስ ወደ ጠፈር የላካቸው ሰዎች በሙሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። አንድም ሴት የለም። አንድም ጥቁር የለም።

ዝም ብላ አልተመለሰችም። ማንበብ ጀመረች፣ ስለ ጠፈር በሚሠሩ ማኅበራት ውስጥ ገባች፣ የመንግሥት ሰዎች ባሉበት መድረክ ላይ ወጥታ ሴቶችንና ጥቁሮችን አልፈለጋችሁም ብላ ፊት ለፊት ተናገረች። በዚያ ጊዜ ናሳ ለአዲሱ የጠፈር መንኮራኩር ሰው እየፈለገ ነበር። መንኮራኩሩ ከአብራሪ ሌላ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የፊዚክስ ሰው ይጭናል። ማስታወቂያው ከወጣ ቆይቷል። የሚመጣው ማመልከቻ ግን እንደ ድሮው ነው። ናሳዎቹ መልሰው እሷኑ ጠሯት። እስቲ አንቺ አምጪልን አሏት።

የሰጠችውን መልስ ራሷ ደጋግማ ተርካዋለች። ብቁ ሰዎችን አመጣላችኋለሁ። ብዙ አድርጌ አመጣለሁ። ካመጣሁ በኋላ ግን እንደገና አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ብትመርጡ፣ ለምን ብዬ የምከሳችሁ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። አስቡት፣ ይሄን የምትለው ሥራ የቸገራት ተዋናይ ናት። የምትለው ለአሜሪካ መንግሥት ነው።

ቀደም ብላ በሙዚቃ ለማስተማር ያቋቋመቻት ዊሜን ኢን ሞሽን የምትባል ትንሽ ድርጅት ነበረቻት። ኮንትራቱን በእሷ ስም ፈረመች። ዓመቱ 1977 ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በጁን መጨረሻ ስለሆነ የቀራት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሂዩስተን ጆንሰን የጠፈር ማዕከል ሄዳ ሰማያዊ የበረራ ልብስ ለብሳ ማስታወቂያ ተቀረጸች። ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ ዞረች። የጥቁር መሐንዲሶችና የሴት ሳይንቲስቶች ስብሰባ ባለበት ሁሉ ተገኘች። ቴሌቪዥን ላይ ወጣች።

ይሄ ሥራ ለምን እንደሠራ ሳስብ መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ሰዎቹ ድሮም ነበሩ። ዶክትሬታቸውን ይዘው በየላቦራቶሪው ተቀምጠዋል። ናሳ ያልነበረው ሰው ሳይሆን አመኔታ ነው። ለሃያ ዓመት ገደማ አንድ ዓይነት ፊት ብቻ እያሳየ ኖሮ ድንገት ሁላችሁም ኑ ቢል ማን ያምነዋል? ኡሁራ ናት የሄደችላቸው። በልጅነታቸው ወይም በተማሪነታቸው ያዩዋት ሴት መጥታ፣ ቦታው የእናንተም ነው ስትል ነገሩ ከመንግሥት ማስታወቂያ ይለያል።

ከ8,000 በላይ ሰው አመለከተ። ጃንዋሪ 1978 ላይ 35 ተመረጡ። ከእነሱ ስድስቱ ሴቶች ነበሩ። ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፣ አንድ የእስያ ዝርያ ያለው አሜሪካዊም ነበር። ሳሊ ራይድ በ1983 ጠፈር የደረሰች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት ጋይን ብሉፎርድ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

ሁሉም በእሷ ምክንያት አመለከቱ ማለት አይደለም። ሳሊ ራይድ ለምሳሌ ማስታወቂያውን ያየችው የስታንፎርድ ተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው። ኒሼልን ስናመሰግን የሌላውን ድርሻ መውሰድ የለብንም። የዋሽንግተኑ ልጅ ፍሬድሪክ ግሪጎሪ ግን ሳይደብቅ ይናገራል። የአየር ኃይል አብራሪ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ በሰማያዊው ልብስ አያት፣ ለእሱ የምትናገር መሰለው፣ አመለከተ። በ1989 የጠፈር መንኮራኩርን በአዛዥነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፣ ኋላም የናሳ ምክትል ኃላፊ ደረሰ።

ከዚያ 1986 መጣ። ጃንዋሪ 28 ቀን ቻሌንጀር ከተነሳች ሰባ ሦስት ሰከንድ በኋላ ፈነዳች። ውስጧ ከነበሩት ሰባት ሰዎች አራቱ የ1978 ምልምሎች ናቸው። ጁዲት ሬዝኒክ፣ ሮናልድ ማክኔር፣ ኤሊሰን ኦኒዙካ፣ ዲክ ስኮቢ። ኑ ብሎ ሰው ለጠራ ሰው ይሄ ምን ዓይነት ሸክም እንደሆነ መገመት አያቅትም። ኒሼል ግን ከጠፈር ሥራ አልራቀችም። ስለ እሱ መናገሯን ቀጠለች።

በ1992 ሜይ ጀሚሰን ኢንዴቨር ላይ ተሳፍራ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እሷም ኡሁራን እያየች ያደገች ልጅ ናት። እዚያ ላይ ሆና ፈረቃዋን የምትጀምረው «መስመሩ ክፍት ነው» ብላ ነበር። ስቱዲዮው ለኒሼል የተወላት ያቺ ቁራጭ ንግግር፣ በእውነተኛ መንኮራኩር ውስጥ፣ በእውነተኛ ጥቁር ሴት አፍ ተነገረች። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሄቨንስ ጌት የሚባል የእምነት ቡድን አባላት፣ ከጅራታም ኮከብ ኋላ የተደበቀች መርከብ ትወስደናለች ብለው በአንድነት ራሳቸውን አጠፉ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው። አንዱ ቶማስ የኒሼል ወንድም ነበር። ቡድኑን ከተቀላቀለ ረጅም ዓመታት አልፈው ነበር። እህትየው ሰውን ወደ እውነተኛው ጠፈር ስትጠራ፣ ወንድሟ በዚያው ዘመን የውሸቱን ጠፈር ይጠብቅ ነበር። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የመጨረሻዎቹን ዓመታቷን የምታዩት እንደ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ግን እንደ ጡረታ አልቆጥራቸውም። ተዋናዮቹን የሚያኖራቸው የአድናቂዎች ስብሰባ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይዘጋጃል፣ ተዋናዩ ይቀመጣል፣ ሰው ተሰልፎ እየከፈለ ፎቶ ያስፈርማል። ኒሼል ሰማንያ ዓመት አልፏትም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ከስርጭቱ ያልተከፈላት ገንዘብ በፊርማ ተለቀመ ብትሉ አታጋንኑም። ደስ ብሏት እንደምታደርገው ከተመልካች ጋር የተነሳቻቸው ፎቶዎች ይመሰክራሉ። ምርጫ ሲኖር እና ሳይኖር ግን ይለያያል።

በ2015 መለስተኛ የአንጎል ምት መታት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ፣ በ82 ዓመቷ፣ ሶፊያ የሚባለውን ቴሌስኮፕ በተሸከመ የናሳ ቦይንግ አውሮፕላን ላይ ተሳፍራ ሌሊቱን በረረች። በ2018 የመርሳት በሽታ እንዳለባት ተነገረ። ከዚያ በኋላ ያለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ማን ይንከባከባት፣ ንብረቷን ማን ያስተዳድር በሚለው ላይ ልጇ፣ ሥራ አስኪያጇና አንዲት ወዳጇ ተከራከሩ። ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። በ2021 ዲሴምበር ሎስ አንጀለስ ላይ አድናቂዎቿን ተሰናበተች። እዚያ ላይ ነው በእውነት ጡረታ ወጣች የምለው። ከስምንት ወር በኋላ፣ ጁላይ 30 ቀን 2022፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሲልቨር ሲቲ በምትባል ከተማ በ89 ዓመቷ አረፈች።

የእኛን አገር አርቲስቶች ሳስብ ይሄ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንት ዓመት ያሳቀን ሰው ይታመማል፣ ለማሳከሚያ ገንዘብ ይዋጣል፣ እዚህ ዲሲም አዳራሽ ተከራይተን እናዋጣለን። በዚያው ሰዓት ሥራው ዩቲዩብ ላይ በመቶ ሺዎች እየታየ ነው። መዋጮው መልካም ነው፣ ባህላችን ነው። ግን ከመዋጮው በፊት የሚመጣ አንድ የውል ወረቀት አለ። ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ሲጠፋ ነው መዋጮው የሚደጋገመው።

በጃንዋሪ 2024 ከአስከሬኗ አመድ ጥቂቱ ከሮደንቤሪና ከሌሎች የስታር ትሬክ ሰዎች አመድ ጋር በሮኬት ተጭኖ ፀሐይን እንዲዞር ተልኳል። ቀዩ ልብሷ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን፣ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ። አስትሮይድም በስሟ ተሰይሟል። ክብሩ አልጎደለባትም።

ልታዩዋት ከፈለጋችሁ ግን እባካችሁ በመሳሳሙ አትጀምሩ። ያ ክፍል እንደ ፊልም ደካማ ነው። በቻርሊ ኤክስ ጀምሩ፣ ለዘፈኑ ስትሉ። ከዚያ ሚረር ሚረር የሚባለውን እዩ፣ ኡሁራ ከወንበሯ ተነስታ የልቧን የምትሠራበት ክፍል እሱ ነው። ሦስተኛ ላይ የ1977ቱን የናሳ ማስታወቂያ ፈልጉ። ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ረጅም አይደለም። ሰማያዊውን ልብስ ለብሳ ብቅ ትልና ኒሼል ኒኮልስ ነኝ ትላለች። ኡሁራን የምታነሳት ከዚያ በኋላ ነው።